ከማማው ላይ፦ በቀወት ቆላ የአሳማ አደን

ፍሬ የያዘ ማሽላ ጠባቂ በሚፈልግበት በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የሳምንቱን መጨረሻ ለማሳለፍ የወረድነው በሰሜን ሸዋ ቀወት ወረዳ ወደሚገኘው የአጎቴ ማሳ ነበር። ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ሲነሡ አሳማ ለማደን እንደሚሄዱ ለየቤተሰባቸው ተናግረዋል፤ አንደኛው እንዲያውም ለዚሁ ብሎ ወፍራም ቦት ጫማ ገዝቷል። አጎቴ ግን በስልክ ሲጋብዙን ያሉት «ኑና ሁለት ሌሊት አግዙኝ፤ እኔም አንድ ቀን ልተኛ» ነበር። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ጉዞው የተደረገው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ሌሊት ባትሪና ጠመንጃ ይዞ በማሳ መካከል መታየት ከአሳማ ጋር የማይገናኝ ትርጉም ሊሰጠው ስለሚችል፣ የምጽፈውን እንደ ጉዞ ምክር የሚወስድ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ተነሥተን በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጃኬት አስደረበን። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ በኩል ተሻግረን፣ ደብረ ሲና ላይ የታወቀውን ቆሎ ከመንገድ ዳር ገዝተን፣ በአርማንያ በኩል ቁልቁል እየተጠማዘዝን ስንወርድ ደግሞ የደረብነውን ሁሉ አንድ በአንድ አወለቅነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ በመሆኗ፣ መንገደኛው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከገብስ አገር ወጥቶ ወደ ማሽላና ማሾ አገር ይገባል። ይህ አቀማመጥ ለአሳማውም ተመችቶታል፤ ከተራራው ወገብ ወደ ቆላው የሚወርዱት ፈፋዎች ጥሻቸው ስላልተመነጠረ ቀን መደበቂያ፣ ማታ ደግሞ እስከ ማሳው ጠርዝ ድረስ የሚያመጣ መንገድ ይሆኑለታል።

ከመካከላችን አንዱ የእንስሳት ሐኪም ስለሆነ መንገዱን ሙሉ ያልተጠየቀውን ጭምር ሲያስረዳን ነበር። ገበሬውን የሚያስቸግሩት የዱር አሳማዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከርከሮ የቀን እንስሳ ሲሆን፣ ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ፣ በኋላው ገብቶ ጥርሱን ወደ ውጭ አዙሮ ያድራል፤ ሣር ሲግጥ በፊት እግሮቹ ይንበረከካል፤ ሲሮጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ሁለተኛው በደንና በጥሻ የሚኖረው ጠጉራሙ አሳማ ነው፤ ቀን ተኝቶ ይውልና ሲመሽ በመንጋ ይወጣል፤ ትልቁ ወንድ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ዐይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው ግን ሰውን ከሩቅ ይለያል። የአጎቴ ጠላት ይኼኛው ነው። ወንዱ ግልገሎቹን ከእናታቸው ጋር አብሮ የሚጠብቅና ወደ መብል የሚመራ መሆኑን ሐኪሙ ሲነግረን፣ መኪናውን የሚነዳውና የልጆች አባት የሆነው መምህር ጓደኛችን «እንግዲያው ከእኔ ይሻላል» ብሎ አሳቀን።

ጠመንጃ አልያዝንም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ በመሆኑ፣ አጎቴና ጎረቤቶቻቸው ማሳቸው በተደጋጋሚ መበላቱን አስቀድመው ለቀበሌውና ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ አመልክተው፣ አንድ የቀበሌ ሚሊሻ አብሯቸው እንዲያድር ተፈቅዶላቸው ነበር። ባለ ቦት ጫማው ጓደኛችን፣ ሥራው ባንክ ውስጥ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልተኩስ ብሎ ሲለምን፣ ሚሊሻው በትሕትና ግን ሳያመነታ «ወንድም ዓለም፣ በስሜ የተመዘገበ መሣሪያ ከእጄ አይወጣም» አለው። ከሕጉ ባሻገር የጥይቱም ዋጋ አለ፤ ተተኩሶ የሳተ ጥይት የሚቆጨው ባለቤቱን እንጂ እንግዳውን አይደለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማሳው ዳር ደረስን። ማማው በአራት ቋሚ እንጨት ላይ የተሠራ፣ በማሽላ አገዳ የተከደነ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ነው። ከሥሩ ገመድ ወጥቶ በማሳው ዙሪያ በተንጠለጠሉ አሮጌ ቆርቆሮዎች ላይ ይያያዛል፤ ገመዱ ሲጎተት ቆርቆሮው ሁሉ ይንኳኳል። አጥሩ የግራር እሾህ ነው። ወንጭፉና ጅራፉ ማማው ምሰሶ ላይ ተሰቅለዋል። «ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ አሳማ፣ ንጋት ላይ ወፍ፤ እህሉ የማን እንደሆነ እኔም አንዳንዴ ይጠፋኛል» አሉ አጎቴ። የቀኑን ጥበቃ የሚይዙት ልጆች ናቸው። መምህሩ ጓደኛችን እርሱ በሚያስተምርበት ገጠርም በጥቅምት ክፍሉ እንደሚሳሳ፣ የስም መጥሪያው ላይ ቀሪ የሚባሉት ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ ማማ ላይ እንደሚገኙ አጫወተን።

አሳማ የሚያደርሰው ጉዳት ዝንጀሮ ከሚያደርሰው የተለየ መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ዝንጀሮ ዛላውን ቀጥፎ ይሄዳል፤ አገዳው ቢያንስ ለከብት ይተርፋል። አሳማ ግን ዛላው ላይ መድረስ ስለማይችል አገዳውን ከሥሩ ገፍቶ ይጥለዋል፤ ከወደቀው ጥቂቱን በልቶ ሌላ ይጥላል፤ ከበላውም የረገጠው ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት የተበላውን ጥግ አጎቴ ሲያሳዩን፣ መሬት ላይ ተጋድሞ የደረቀው አገዳ መካከል ገና ወተት እንደያዘ የተጨፈለቀ ፍሬ ነበር። ጉዳቱ የበረታው በእርሳቸው ማሳ ላይ ብቻ የሆነበትም ምክንያት አለ። በዚያ ዓመት የዘሩት ቶሎ የሚደርስ ዘር ስለነበር ከጎረቤቶቻቸው ማሽላ ቀድሞ ፍሬ ያዘ፤ ፈፋው ውስጥ ያለው መንጋ ሁሉ ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው እርሳቸው ጋ መጣ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሽሮ በእንጀራ በልተን፣ የተጠበሰ እሸት በእጃችን ይዘን ቦታ ቦታችንን ያዝን። አጎቴ ነፋሱን ለማወቅ አፈር በትነው ካዩ በኋላ ሲጋራ ከለከሉ፤ ቀጥሎ ባንክ ሠራተኛው አጠገብ ቆም ብለው አሸተቱና «አንተ ልጄ፣ አንተንስ ከጣርማ በር ጀምሮ አሽትተውሃል» ብለው ከነፋሱ በታች ወዳለው የማሳው ጥግ፣ ከመምህሩ፣ ከጎረቤታቸው ከሐጂው ልጆችና ከሦስት ውሾች ጋር ሰደዱት። ሚሊሻውና ሐኪሙ ከፈፋው መውጫ ፊት ለፊት ካለ የድንጋይ ክምር ጀርባ ተቀመጡ። እኔ ከአጎቴ ጋር ማማው ላይ ወጣሁ።

ማሽላ ማሳ ሌሊት ዝም አይልም። ቅጠሉ ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ያንሾካሹካል፤ ከተማ ያደገ ጆሮ ደግሞ እያንዳንዱን ሹክሹክታ አሳማ ያደርገዋል። እኔ ስደነግጥ አጎቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ነፋስ ነው» ይሉኝ ነበር። ነፋስ ቅጠል ያነቃንቃል፤ አሳማ አገዳ ይሰብራል፤ ድምፁም ቀሽ ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ የሚያኝክ ይሰማል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ይህ ድምፅ ከእኛ ቀኝ በኩል ሲመጣ አጎቴ ዐይናቸውን ገለጡ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገመዱን ያዙ፤ ግን አልጎተቱትም። መንጋው ከፈፋው ርቆ ወደ ማሳው መካከል እስኪገባ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆነ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ባትሪ በራ፣ ውሾቹ ተለቀቁ፣ ከታችኛው ጥግ ጩኸት ተነሣ፤ በማሽላው ውስጥ ጥቁር ነገሮች በየአቅጣጫው ሲፈረጥጡ አገዳው እየተሰነጠቀ ተከፈለ።

ከመንጋው አንድ ትልቅ ወንድ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ፈፋው ቁልቁል ሮጠ፤ ውሾቹም እርሱን ተከተሉ፤ እኛም ውሾቹን ተከተልን። እውነት ለመናገር፣ ማንም እንድንከተል አላዘዘንም፤ ሁላችንም ሮጥን። አሳማው ፈፋው ውስጥ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሚሊሻው አነጣጠረ፤ ነገር ግን ውሾቹ ዙሪያውን ስለከበቡት መተኮስ አልቻለም። አንደኛው ውሻ ጠጋ ባለ ጊዜ አሳማው አንገቱን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ መለስ አደረገና የውሻው ታፋ ከጉልበት እስከ ዳሌ ተተረተረ። የታችኛው ክራንቻ አፉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከላይኛው ጋር እየተፋተገ፣ ቢላዋ በመሳል ላይ እንደሚሳል ስለሚሳል ነው ይህን ያህል የሚቆርጠው። የሐጂው ታላቅ ልጅ ከቋጥኙ በላይ ዞሮ ጦሩን ከትከሻው በታች ሰካበት፤ ውሾቹ ገለል ሲሉም ሚሊሻው በአንድ ጥይት ጨረሰው።

ባንክ ሠራተኛው ሬሳው ላይ እግሩን አኑሮ ፎቶ እንድናነሣው ጠየቀ፤ «ዘራፍ» ለማለትም ዳድቶት ነበር። አጎቴ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ተው ልጄ፤ በአሳማ አይፎከርም» አሉት። ድሮ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ ይፎክር፣ ይዘፈንለትም ነበር፤ አሳማ የገደለ ሰው ግን ያደረገው ከማሳው ሌባ ማስወጣት ብቻ ስለሆነ ጠመንጃውን ወልውሎ ይተኛል። ይህ ልማድ የአደንን ክብር ለአደጋውና ለእንስሳው ታላቅነት እንጂ ለመግደሉ አለመስጠቱን ሳስብ፣ ብዙ ዘመናዊ አዳኝ ያላሰበውን ነገር አያቶቻችን አስበውበታል እላለሁ።

ወደ ማሳው ስንመለስ የአጎቴ ፊት ተለወጠ። ሁላችንም ፈፋው ውስጥ በነበርንበት ጊዜ የቀረው መንጋ በላይኛው በኩል ዞሮ፣ አንድም ሰው ወዳልቀረበት ጥግ ገብቶ እንደ ልቡ በልቷል። ጎሕ ሲቀድ ዞረው ያዩት አጎቴ ጉዳቱ ከአንድ ኩንታል እንደማያንስ ገመቱ። አንድ አሳማ ተገድሏል፤ ነገር ግን ያ ሌሊት ከእንግዶች መምጣት በፊት ከነበሩት ሌሊቶች ሁሉ የበለጠ እህል የጠፋበት ሌሊት ነው። አጎቴ ይህን በምሬት አልተናገሩትም፤ በጎረቤት ፊት እንግዳን ማሳፈር በእርሳቸው ዘንድ ከማሽላው የከበደ ነገር ነው። እኛም ገብቶናል።

ሥጋውን ማንም አይነካውም። ክርስቲያኑ ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም የማያመሰኳ በመሆኑ፣ ሙስሊሙም በሃይማኖቱ ስለተከለከለ አይበሉትም፤ በአካባቢው ከዚህ ውጭ ሰው የለም። ባንክ ሠራተኛው አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎች ይገዙን ይሆን ብሎ ሒሳብ መሥራት ሲጀምር ሐኪሙ በአጭሩ ቀጨው። የዱር አሳማዎች የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ የሚባለውን በሽታ ቫይረስ ራሳቸው ሳይታመሙ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ በከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር መዥገርም ያስተላልፈዋል። ሰውን ባይነካም ለማዳ አሳማ ላይ ከደረሰ በረቱን ባዶ ያደርጋል፤ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ በመኪና ተጭኖ በአርቢዎች መንደር ማለፍ የሌለበት ሬሳ ነበር። በገመድ ታስሮ እስከ ፈፋው ጥግ ተጎተተ፤ ገመዱም እዚያው ተጣለ። የሐጂው ልጅ ጦሩን ወንዝ ወስዶ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አጥቦ መለሰው። በማግስቱ ሬሳው የነበረበት ቦታ ላይ የጅብ ኮቴ እንጂ ሌላ አልተገኘም።

ቅዳሜ ቀኑን ሐኪሙ የውሻውን ታፋ ሲሰፋ፣ እኔ ከሐጂው ጋር ፈፋውን ይዤ ዱካ ሳይ ዋልኩ። አሳማዎቹ የሚተሻሹበት የጭቃ ጉድጓድ፣ ጭቃውን የሚያብሱበት የዛፍ ግንድ፣ እየተመላለሱ የጠረጉት ጠባብ መንገድ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ጥሻውን ለምን አትመነጥሩትም ብዬ ስጠይቃቸው ሐጂው በዱላቸው የፈፋውን ግድግዳ አመለከቱኝ፤ ሥሩ ያልያዘው አፈር ተንዶ የአንድ ሰው ማሳ ጠርዝ ይዞ ሄዷል። «ጥሻው ቢወጣ አሳማው ይሄዳል፤ ማሳውም ይከተለዋል» አሉኝ። እርሳቸው ጎልማሳ ሳሉ ነብር ከወፍ ዋሻ ደን በኩል እስከዚህ ይወርድ እንደነበር፣ ፍየልም ቢወስድ የአሳማ ግልገል የሚለቅመው እርሱ እንደነበር፣ አሁን ግን ድምፁን ከሰሙ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው ነገሩኝ። ሐኪሙ ማታ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ግልገል እየወለደች፣ የሚቀንሳት ነብር በሌለበት፣ በዓመት ጥቂት በጥይት መግደል መንጋውን አይቀንሰውም።

ቅዳሜ ማታ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አጎቴ ሰንበት ከገባ በኋላ ደም እንዲፈስ ስለማይፈልጉ ጦርም ጠመንጃም አይኖርም አሉ፤ ውሾቹም ታሰሩ። በዚያ መንደር የቆየ ስምምነት አለ፤ በሰንበትና በትልልቅ በዓላት ዋዜማ ክርስቲያኖቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሙስሊሞቹ ማሳውን ይይዛሉ፣ በጁምዓና በዒድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ይይዛሉ። በዚህ መሠረት ሐጂው ትዕዛዙን ተረከቡ፤ አጎቴም ማኅሌት እስኪደርስ ድረስ ቤታቸው ገብተው ተኙ። የሐጂው ዘዴ ከአጎቴ የተለየ ነበር። መንጋው እስኪገባ መጠበቅ ቀረ፤ በማሳው አራት ማዕዘን እሳት ተለኮሰ፤ እያንዳንዱ ማዕዘን በየተራ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቀጥሎ ያለው ይመልሳል፤ ማንም ሰው በምንም ምክንያት ማዕዘኑን አይለቅም። እኔና ባንክ ሠራተኛው የደረሰን ትናንት የተበላው የላይኛው ጥግ ነበር።

አሳማዎቹ መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከፈፋው በኩል ማጉረምረማቸው ተሰማ፤ አንድ ጊዜ በታችኛው፣ ቆይተው በእኛ በኩል ሞከሩ። ጅራፉ ሲጮኽ ዝም ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ እሾሁን ሲገፉት ይሰማል። ባንክ ሠራተኛው ጅራፍ ማጮኽ ስላልቻለ ድስት በማንኪያ ሲመታ አደረ፤ ሊነጋጋ ሲል ድምፁ የተዘጋ እርሱ ብቻ ነበር፤ ስድብም ጨምሮበት ስለነበር። ጎሕ ሲቀድ ማሳውን ዞርን፤ አንድም አገዳ አልወደቀም። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል የነበረው ልዩነት ግልጽ ሆኖ ሳለ መመለሻችን ላይ የሚወራው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ ፎቶ ያለውም የመጀመሪያው ነው። አደን መጥፎ ነው አልልም፤ መንጋው ሰው ከለመደና መፍራት ካቆመ አንዱን መግደል ለጥቂት ቀናት ያርቀዋል። ነገር ግን ማሽላው ፍሬ ከያዘ እስከሚታጨድ ባለው ጊዜ ማሳውን የሚያድነው በየማዕዘኑ የሚያድር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየቤቱ አይገኝም፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል፤ የቀሩት ሽማግሌዎችና ትምህርት ቤት መዋል የነበረባቸው ልጆች ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ጠላ አስቀርበው ሐጂውን ጠሯቸው፤ ለሐጂው ቡና ተፈላ። የተነጋገሩት ስለ አሳማው ሳይሆን ስለ ዘር ነበር። አጎቴ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር የመረጡት ዝናቡ ቀድሞ ስለሚቆም ነው፤ ሐጂው የነባሩን ዘር አገዳ ለከብቶቻቸው ስለሚፈልጉት አልተውትም። ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ በመጪው ዓመት ከፈፋው ጋር የሚዋሰኑት ማሳዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲዘሩ፣ ፍሬ የሚይዙትም አብረው እንዲሆን፣ ጥበቃውም በወረፋ በሁሉም ቤት ላይ እንዲደለደል ተስማሙ። ለሐጂው ከብቶች የሚጎድለውን አገዳ አጎቴ ከጭዳቸው ሊያካፍሉ ቃል ገቡ። እኛም በኩላችን ለአራቱ ማዕዘን የሚሆን በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝተን ልንልክ፣ በጥቅምትም የቅዳሜን ሌሊት ወረፋ በየሳምንቱ ተራ ገብተን ልንይዝ ተስማማን። ባንክ ሠራተኛው ስሙን ከሁሉ ቀድሞ አስመዘገበ፤ ግን ጅራፍ ማጮኽ የሚያስተምረው ሰው እንዲመደብለት ጠየቀ።